በአነስተኛ ገንዘብ የልብስ ስፌት መኪና ስለ መምረጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ብዙ በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ ልብስ ስፌት መኪና መናገር ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤተሰብ ኑሮ ውስጥ በራስ ገንዘብ ተገዝቶ ገቢ የሚያስገኝ የመጀመሪያው መኪና ይኸው ነው። ወፍጮ ወይም ትራክተር ለመግዛት ብዙ ሰው መሰብሰብና ባንክ ደጅ መጥናት ያስፈልጋል። የስፌት መኪናን ግን አንዲት እናት በዕቁብ ብር፣ አንድ ወጣትም ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ ገዝቶ በሱቅ በረንዳ ላይ ሊተክለው ይችላል። ገንዘቡ ከታላላቅ ሥራዎች በጀት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ለገዢው ግን ያለው ሁሉ ነው። ምርጫው ከተሳሳተ ሁለተኛ ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም።

ጉዳዩ ወደ መሐንዲስ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጎረቤት ወይም ዘመድ «አንተ መኪና ታውቃለህ፤ የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ሁለተኛው አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ወይም የሴቶች ማኅበር ለአባላቱ መኪና ለማከፋፈል አስቦ የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ እንዲያዘጋጅለት ባለሙያ ሲጠራ ነው። በሁለቱም መንገድ የሚሰጠው ምክር የሰው እንጀራ ይነካልና ከሻጭ ወሬ ይልቅ በስሌት ላይ ቢመሠረት ይገባዋል።

የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ገንዘቡ አነስተኛ ለሆነ ገዢ የሚበጀው መኪና ዝቅተኛ ዋጋ የተለጠፈበት አይደለም፤ በተበላሸ ጊዜ ገዢው በሚኖርበት ከተማ፣ በዚያው ከተማ ባለሙያ እጅ፣ በዚያው ገበያ በሚገኝ መለዋወጫ ተጠግኖ በማግሥቱ ሥራ የሚጀምረው ነው።

1. ስፌቱ የሚያያዝበት መንገድ

በእጅ ሲሰፋ ክሩ አንድ ነው፤ መርፌውም ጨርቁን በስቶ ካለፈ በኋላ ይመለሳል። በመኪና ሲሰፋ ግን ክሩ ሁለት ነው፤ መርፌውም ጨርቁን ጨርሶ አያልፍም። የመርፌው ቀዳዳ በጫፉ በኩል ስለሆነ የላይኛውን ክር ይዞ ይወርዳል። ታች ደርሶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ እንደ ተመለሰ ክሩ ላልቶ በመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከጨርቁ በታች ያለው መንጠቆ ይደርስና ቀለበቱን ይዞ የታችኛው ክር በተጠነጠነበት ቦቢን ዙሪያ ያሳልፈዋል። ክር ሳቢው ክንድ ወደ ላይ ሲስብ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል ይቆላለፋሉ፤ ከሥር ያለው ጥርስም ጨርቁን አንድ እርምጃ ይገፋዋል።

ኤልያስ ሃው በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1846 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አይዛክ ሲንጀር የራሱን መኪና ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ የሁለቱ ክሮች መቆላለፍ ግን መሠረቱ አልተለወጠም። በእጅ የሚዞረውም፣ በእግር የሚረገጠውም፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዘውም የሚሰፋው ይህንኑ ስፌት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ውድ መኪና በቀጥታ ስፌት ረገድ ከርካሹ የተለየ ስፌት አይሰጥም፤ ተጨማሪው ዋጋ የሚከፈለው ለፍጥነት፣ ለጌጥና ለምቾት ነው። ሁለተኛ፣ የመኪናው ጥራት የሚለካው መርፌውና መንጠቆው በሚተላለፉበት ጠባብ ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። መርፌውን የያዘው ዘንግ ተበልቶ ከላላ ወይም የመኪናው አካል በጭነት የሚተጣጠፍ ከሆነ መንጠቆው ቀለበቱን ይስተዋል፤ ስፌቱም እየዘለለ ይሄዳል። ስለዚህ ገዢው «ስንት ዓይነት ስፌት ይሰፋል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ምን ያህል ጽኑ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

2. አሮጌው ንድፍ እስከ ዛሬ የኖረበት ምክንያት

የሲንጀር ኩባንያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ካወጣቸው ንድፎች አንዱ 15 ቁጥር በመባል የሚታወቀው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የጃፓን ፋብሪካዎች ይህን ንድፍ መነሻ በማድረግ መለዋወጫዎቹ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው እንዲገጥሙ አንድ መለኪያ ተስማምተው አወጡ። በቻይና በሻንጋይ የተሠራው ቢራቢሮ፣ በሕንድም የተሠራው ኡሻ በዚሁ ንድፍ የተሠሩ መኪናዎችን ወደ ብዙ አገር አሰራጩ። በኢትዮጵያ ከተሞች በሱቅ በረንዳ ላይ የሚታዩት ባለ መርገጫ ጥቁር መኪናዎች ብዙዎቹ ከዚህ ቤተ ሰብ የሚወለዱ ናቸው። ሕዝቡ በጠቅላላው «ሲንጀር» እያለ መጥራቱም ስሙ ከዕቃው ጋር ምን ያህል እንደ ተዋሐደ ያሳያል።

ለመሐንዲስ ከታሪኩ ይልቅ የሚጠቅመው ውጤቱ ነው። ንድፉ የአንድ ኩባንያ ብቻ መሆኑ በቀረ ጊዜ መለዋወጫው የሁሉም ሆነ። በሻንጋይ ለተሠራ መኪና የተሠራ ቦቢን በጃፓን ለተሠራው ይገጥማል፤ የቦቢኑ ቤት፣ መርፌው፣ የክር መወጠሪያው ሞላና ጨርቅ አጣባቂው እግርም እንዲሁ። ከዚህም በላይ መኪናው በብሎን የተያያዘ በመሆኑ ካቻቪቴ የያዘ ባለሙያ ፈትቶ ሊገጥመው ይችላል። በገበያ ያልተገኘ ዘንግ ወይም ቡሽም ቢሆን ቶርኖ ቤት ሊወጣለት ይችላል። የአንድ ዕቃ ዕድሜ ከሠራው ፋብሪካ ዕድሜ የሚረዝመው እንዲህ ሲሆን ነው።

3. በገበያ ያሉት ዓይነቶች

ሀ) በእግር የሚነዳው። ከታች ያለው ትልቅ መዘውር አንድ ጊዜ ሲዞር ከላይ ያለው ትንሹ መዘውር አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። ሰፊዋ በደቂቃ 80 ጊዜ ብትረግጥ 320 ስፌት ይወጣል ማለት ነው። የአንዱ ስፌት ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን በደቂቃ 80 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ይሰፋል። ይህ ፍጥነት በወረቀት ላይ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ልብስ ላይ የሚጠፋው ጊዜ አብዛኛው ለልክ፣ ለቆረጣ፣ ለማያያዝና ለካውያ እንደሚውል መዘንጋት የለበትም። መኪናው ሁለት እጥፍ ቢፈጥን ልብሱ በግማሽ ጊዜ አያልቅም። በእግር የሚነዳው መኪና መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ የኤሌክትሪክ ሒሳብም የለበትም። አብዛኞቹ የ15 ቁጥር ዓይነቶች ትንሽ ሞተር የሚታሠርበት ቦታ ስላላቸው ገቢው ሲፈቅድ ሞተር ሊጨመርላቸው ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠፍሩን መልሶ በእግር መንዳት ይቻላል። ድክመታቸው ቀጥታ ስፌት ብቻ መስፋታቸው ነው። የቁልፍ ቀዳዳውና የጠርዙ መጠበቂያ በእጅ ወይም በሌላ መኪና መሠራት ይኖርበታል።

ለ) ለቤት የሚሆነው ባለ ኤሌክትሪክ። ይህ ቀጥታና ዚግዛግ ስፌት ይሰፋል፤ የቁልፍ ቀዳዳም ያወጣል። የሚወስደው ኃይል ከ70 እስከ 100 ዋት ያህል ነው። ቀላልና ለመያዝ ምቹ ከመሆኑም ሌላ ቦታ አያጣብብም። ነገር ግን በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ባለ ጥርስ የፕላስቲክ መዘውር አለው። ፕላስቲኩ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሚሠራ ቤተሰብ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ካኪና ጂንስ ለሚሰፋ ሰው ግን አይበቃም። ጥርሱ ሲሰበር ምትኩ የሚገኘው ለዚያ ሞዴል ብቻ ከተሠራው ነው።

ሐ) በኮምፒዩተር የሚታዘዘው። በመቶ የሚቆጠር የስፌት ዓይነት መያዙ ዓይን ይስባል። በዕለታዊ ሥራ የሚፈለጉት ግን ቀጥታው፣ ዚግዛጉ፣ የቁልፍ ቀዳዳውና ለሚሳብ ጨርቅ የሚሆነው ናቸው። መብራት በሚዋዥቅበት ሠፈር የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ሲቃጠል ጥገናው ብዙውን ጊዜ ሰሌዳውን በሙሉ መለወጥ ነው። ገንዘቡ አነስተኛ ለሆነ ገዢ ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

መ) የፋብሪካ መኪና። ቀጥታ ስፌት የሚሰፋው የፋብሪካ መኪና በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ሊደርስ ይችላል። አካሉ ጽኑ፣ ጠረጴዛው ሰፊ ነው። የተማሪ የደንብ ልብስ በብዛት ለሚሰፋና ሁለት ሦስት ሠራተኛ ለሚያሠራ ሰው ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። አሮጌው ባለ ክላች ሞተር ሰፊው ባይሰፋም ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ብዙውን ጊዜም 400 ዋት የሚል ጽሑፍ አለበት። ሰርቮ የሚባለው አዲሱ ሞተር ግን የሚዞረው መርገጫው ሲረገጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ዋጋ ሁለቱ ከቀረቡ ሰርቮው ይመረጣል፤ ለጀማሪም ፍጥነቱን መግታት ይቀላል።

ከእነዚህ ውጭ በባትሪ የምትሠራና በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ መስፊያ በየገበያው ትታያለች። ይህች በአንድ ክር ሰንሰለት ስለምትሰፋ ጫፉ ካልተቋጠረ ስፌቷ በአንድ ስቦሽ ሊተረተር ይችላል። ለአንድ ቀን መጠገኛ ካልሆነ በቀር ለገቢ ማስገኛ አትታሰብም።

በተጨማሪም ከውጭ አገር ዘመድ ስለሚልከው መኪና አንድ ቃል መናገር ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና በጀርባው ወይም በሥሩ ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ወይም የእግር መቆጣጠሪያው ሊቃጠል ይችላል። በቂ አቅም ያለው የቮልቴጅ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩም ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት። ከዓረብ አገሮች የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከኢትዮጵያው ጋር ይስማማል፤ ቢሆንም ጽሑፉን ማንበብ አይጎዳም።

4. የዋጋ ስሌት

ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ የምትኖር ሴት ትታሰብ። የዕቁብ ዕጣ ደርሷታል፤ ሥራዋ የተማሪ ልብስ መስፋትና ያረጀ ልብስ መጠገን ነው። በቀን የተጣራ 300 ብር ታገኛለች እንበል። በፊቷ ሁለት መኪና ቀርቧል። የመጀመሪያው አዲስ፣ ቀላልና ስሙ ያልታወቀ ባለ ኤሌክትሪክ ሲሆን ዋጋው 15,000 ብር ነው። ሁለተኛው በእግር የሚነዳ የ15 ቁጥር ዓይነት ሲሆን ዋጋው 25,000 ብር ነው። እነዚህ አኃዞች ለስሌት ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢው የአካባቢውን ዋጋ ተክቶ ሊያሰላው ይችላል።

የመጀመሪያው መኪና በዓመት ሁለት ጊዜ ይበላሻል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ለጥገና 1,500 ብር ይጠይቃል፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣም 12 ቀን ይቆማል። ስለዚህ በዓመት 3,000 ብር ለጥገና፣ 24 የሥራ ቀን በመጥፋቱም 7,200 ብር፣ በድምሩ 10,200 ብር ይከስራል። በ3 ዓመት ይህ 30,600 ብር ይሆናል፤ የመግዣው ዋጋ ሲታከልበት 45,600 ብር ይመጣል።

ሁለተኛው መኪና አሮጌ ንድፍ እንደመሆኑ በዓመት ሦስት ጊዜ ይበላሻል ተብሎ ይገመት፤ ማለትም ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ። ነገር ግን ጥገናው 400 ብር ነው፤ የሚቆመውም ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በዓመት 1,200 ብር ለጥገና፣ 900 ብር ለጠፋ ቀን፣ በድምሩ 2,100 ብር ይሆናል። በ3 ዓመት 6,300 ብር ሲሆን ከመግዣው ጋር 31,300 ብር ይመጣል። እንግዲህ በመደብር በ10,000 ብር የሚበልጠው መኪና በ3 ዓመት ውስጥ በ14,300 ብር አነሰ ማለት ነው። ገንዘብ ሲቸግር ተመልሶ ሊሸጥ መቻሉ ገና በሒሳቡ ውስጥ አልገባም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብልሽት ስንት ጊዜ ይደርሳል ከሚለው ይልቅ መኪናው በእያንዳንዱ ብልሽት ስንት ቀን ይቆማል የሚለው እንደሚመዝን ነው። በዚሁ ምሳሌ የመጀመሪያው መኪና መለዋወጫ በ12 ቀን ፈንታ በ4 ቀን ቢገኝ ኖሮ የሁለቱ ወጪ ከሞላ ጎደል እኩል ይሆን ነበር፤ ከዚያም ባነሰ ቀን ቢገኝ ርካሹ በእርግጥ ርካሽ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለመርካቶ ቀርቦ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው ምክርና ከመኪና መንገድ መጨረሻ ላይ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ሊሆን አይገባም። የቆመበት ወቅትም ይመዝናል። በነሐሴና በጳጉሜን፣ ወላጆች ለትምህርት መክፈቻና ለዘመን መለወጫ ልብስ በሚያሰፉበት ጊዜ የጠፋ አንድ ቀን በየካቲት ከጠፋ ቀን ይበልጣል፤ በቀጠሮው ልብሱን ያላገኘ ደንበኛም ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል።

ሆኖም «15,000 ብር ብቻ ላላት ሴት 25,000 ብር ያለውን ግዢ ማለት ምን ምክር ነው?» የሚል ትክክለኛ ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ሻጩ በየወሩ ለመቀበል ከፈቀደ ልዩነቱን ከፋፍሎ መክፈል ነው። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም፤ የሲንጀር ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 እ.ኤ.አ. ይህን የአከፋፈል ዘዴ በሥራ ላይ ያዋለው መኪናው ከተራ ቤተሰብ አቅም በላይ ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛው፣ ሁለት ሴቶች በአንድነት ገዝተው በፈረቃ መሥራት ነው፤ ይህ ግን የጥገናው ወጪ እንዴት እንደሚከፈል አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማትን ይጠይቃል። ሦስተኛውና አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው፣ በ15,000 ብሩ ያገለገለ ጽኑ መኪና መርምሮ መግዛት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ስለ ተወደደ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና አድሶ መጠቀም ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው።

5. ያገለገለ መኪና ሲመረመር

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ገዢው ክር፣ አዲስ መርፌና ቁራጭ ጨርቆች ይዞ በቀን ብርሃን ይሂድ። ከሻጩ ክርና ጨርቅ መቀበል አያስፈልግም፤ ሻጩ መኪናው የሚወደውን ጨርቅ ያውቃልና። ምርመራውም በዚህ ቅደም ተከተል ቢደረግ ይመረጣል።

በመጀመሪያ መኪናው ያለ ክር በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር። መዞሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል መሆን አለበት። በሁሉም ቦታ እኩል ከከበደ የደረቀ ዘይት ነው፤ ይታጠባል። በአንድ ቦታ ብቻ ከከበደ ግን ዘንግ ተጣሞ ወይም አንድ ነገር ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ትልቅ ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ መርፌ ያዡ ዘንግ በሁለት ጣት ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅነቅ። በጣት የሚሰማ ልልነት ካለ መንጠቆው ቀለበቱን መሳቱ አይቀርም። የእጅ መዘውሩም ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ተስቦ ይታይ።

ሦስተኛ፣ የመርፌ ሰሌዳው ተነሥቶ ጨርቅ የሚገፋው ጥርስ ይታይ። ጥርሱ በጣት ሲነካ ሹል ከሆነ ደህና ነው፤ ከለሰለሰ ግን ጨርቁ ይንሸራተታል። የጥርሱ መለወጫ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ከመኪናው ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት። የመንጠቆው ጫፍም ሹልና ያልተቆረጠመ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ አዲስ መርፌ ከተደረገ በኋላ ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር ክር ተደርጎ በሁለት ድርብ አቡጀዲ ላይ አንድ ክንድ ያህል ይሰፋ። ሁለት ቀለም የተመረጠው ስሕተቱ እንዲታይ ነው። ጥቁሩ ወደ ላይ ወይም ነጩ ወደ ታች ከወጣ የክሩ መወጠር አልተመጣጠነም፤ ይህ በመወጠሪያው ብሎን ይስተካከላል። በማንኛውም አቀማመጥ ካልተስተካከለ ግን ሞላው ወይም የቦቢኑ ቤት ተበልቷል።

አምስተኛ፣ ጂንስ አራት ጊዜ ታጥፎ ከአንድ እጥፍ ወደ አራት እጥፍ የሚወጣበት ቦታ ላይ ይሰፋ፤ ቀጥሎም እጅግ ስስ የሆነ ነጠላ ጨርቅ ይሰፋ። በሁለቱም ሳይዘል የሰፋ መኪና ብዙ አያሳስብም።

ስድስተኛ፣ ቀለሙ መላቀቁና ጌጡ መጥፋቱ ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳል እንጂ ለመተው ምክንያት አይደለም። የተሰነጠቀ የብረት አካል፣ የተበየደ ዘንግና ውስጡ ድረስ የገባ ዝገት ግን ለመተው በቂ ምክንያት ናቸው።

ከተገዛ በኋላ ዘይቱ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ከመኪና ሞተር የወጣ አሮጌ ዘይትም ቆሻሻ ስላለው ዘንጉን ይበላል። በእነዚህ ሁለት ዘይቶች የቆመ መኪና በላምባ ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ዘይት ሲጠጣ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይዞራል። «ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ መኪና ሁሉ የሞተ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

6. መርፌና ጨርቅ

መኪናው ደህና ሆኖ መርፌው ካልተስማማ ጥፋቱ በመኪናው ይሳበባል። የመርፌ ቁጥር ውፍረቱን ያመለክታል፤ 90 ቁጥር ማለት ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለሸማና ለሌላ ስስ ጨርቅ 70 ወይም 80፣ ለአቡጀዲና ለመካከለኛ ጨርቅ 90፣ ለካኪና ለጂንስ 100 ወይም 110 ይስማማል። እንደ ካናቴራ ላለ የሚሳብ ጨርቅ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ያስፈልጋል፤ ሹሉ መርፌ ክሩን እየቆረጠ ቀዳዳ ያበዛልና። የቤት መኪና መርፌ ራሱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ሲሆን የተለመደው የፋብሪካ መኪና መርፌ ግን ሙሉ ክብ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። መርፌ ከሁሉም መለዋወጫ የረከሰው ነው፤ የዶለዶመ መርፌ ግን ውድ ጨርቅ ያበላሻል።

ሥራው የመኪናውን ዓይነት ይወስናል። የደንብ ልብስ፣ መጋረጃና አልጋ ልብስ በቀጥታ ስፌት ይጠናቀቃል። ካናቴራና የስፖርት ልብስ የሚሰፋ ሰው ግን ዚግዛግ ወይም ኦቨርሎክ ካላገኘ ስፌቱ በሚሳብበት ጊዜ ይበጠሳል። እንዲህ ያለው ሰው ከአንድ ውድ መኪና ይልቅ ለቀጥታው አንድ ጽኑ አሮጌ፣ ለጠርዙም አንድ ያገለገለ ኦቨርሎክ ቢገዛ የተሻለ ይሠራል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው አይቆምምና።

7. መግለጫ ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች

ከላይ የተባለው ለአንድ ገዢ ሲሆን፣ ለሃምሳ ወይም ለመቶ ሰው መኪና የሚገዛ ድርጅት ግን የበለጠ ኃላፊነት አለበት። የጨረታ ሰነድ «የልብስ ስፌት መኪና፣ ባለ ኤሌክትሪክ፣ ብዛት 100» ብሎ ከተወ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። የተጫራቹ ትርፍም የሚገኘው በመኪናው ውስጥ ካለው ፕላስቲክ ነው። ዕቃው በርክክቡ ቀን ሁሉም ይሰፋል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ገዢው ድርጅት ሥራውን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተበላሽቶ ጨርቅ የለበሰው መኪና የቤት ጠረጴዛ ይሆናል፤ ሠልጣኟም ሙያ እያላት ሥራ ታጣለች።

ይህን ለመከላከል በመግለጫው ውስጥ ጥቂት ነጥቦች ቢገቡ ይበቃል። መርፌው፣ ቦቢኑና የቦቢኑ ቤት በገበያ የተለመደው መለኪያ እንዲሆን መጠየቅ፤ ኃይል የሚያስተላልፉት ክፍሎች ብረት እንዲሆኑ መወሰን፤ መለዋወጫው መኪናዎቹ በሚታደሉበት ከተማ እንደሚገኝ ተጫራቹ እንዲያሳይ ማድረግ፤ ከእያንዳንዱ አሥር መኪና ጋር አንድ ሣጥን መለዋወጫ ማዘዝ፤ ከመቶ ሠልጣኞችም አምስቱ ጥገና እንዲማሩ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። መኪናውን ፈትታ መግጠም የምትችል አንዲት ሴት በአንድ ከተማ ውስጥ ካለች የዚያ ከተማ መኪናዎች የሚቆሙበት ቀን ያጥራል፤ ለእርሷም ሁለተኛ መተዳደሪያ ይሆናታል።

ክቡራንና ክቡራት፤

በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የመካኒክስ ትምህርት ለትልቁ መኪና ብቻ የተፈጠረ አይደለም። የአንድ ዘንግ ልልነት በኃይል ማመንጫ ውስጥ የሚያስከትለው ጉዳት በብዙ ወረቀት ላይ ይሰላል፤ ያው ልልነት በስፌት መኪና ውስጥ ሲገኝ ግን የሚያሰላለት የለም፤ ጉዳቱን የምትከፍለው ሰፊዋ ብቻ ናትና። መሐንዲስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ሊሰጠው የሚገባው የመጀመሪያ መልስ የፋብሪካ ስም ሳይሆን ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ምን ይሰፋበታል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው በስንት ቀን ይደርሳል? እነዚህን የመለሰ ገዢ ወደ ገበያ ሲሄድ የሻጭ ወሬ አያታልለውም፤ በእጁ ያለው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም የሚበጀውን ይዞ ይመለሳል።